በአማካይ ደህና ናት

ክር አለ… በጨለማው ውስጥ የተወጠረ።

ቀጭን ነው፤ ከሐሳብ የቀጠነ። ከአንዱ የሰማይ ዳር እስከ ሌላው የሰማይ ዳር ይዘረጋል፤ ውፍረቱ ግን ከአንዲት የአቧራ ቅንጣት እጅግ ያንሳል። ብርሃን የለውም። ድምፅ የለውም። ጥላ የለውም። ይንቀጠቀጣል ብቻ… በጨለማው ውስጥ፣ ማንም ሳያየው፣ ይንቀጠቀጣል ክሩ።

ማንም አይቶት አያውቅም። እኔም አላየሁትም። ሰማይ ገና ጨቅላ ሳለ፣ ሙቀቱ እየበረደ ሲሄድ፣ ውሃ በረዶ ሲሠራ እንደሚሰነጠቀው ሰማይም ተሰነጣጥቆ ይሆናል የሚሉ አሉ። ስንጥቁም ሳይደፈን የኅዋ ክር ሆኖ ቀርቶ ይሆናል ይላሉ። "ይሆናል" ነው እንግዲህ። እኔ የወጣትነት ዕድሜዬን ለዚህ "ይሆናል" ሰጥቼዋለሁ፤ ዘመዶቼ ሲሰሙ ያዝኑልኛል።

ከክሩ ጋር ስኖር አንድ ነገር ለመድኩ። የማላየውን ነገር መፍራት ለመድኩ።

ፈራሁ… ለማንም አልተናገርኩም።

ምንታምር እባላለሁ። ውሎዬ አራት ኪሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ከፎቁ ሁሉ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል። እዚያ በኮምፒውተር ትንሽ ሰማይ እፈጥራለሁ። በሰማይዋ ውስጥ ክሮች እለቃለሁ። ሰማይዋን እለጥጣታለሁ፤ ክሮቹም አብረው ይለጠጣሉ፣ ይወዛወዛሉ፣ ይጋጫሉ። ሁለት ክሮች ሲሻገሩ ተቆርጠው ይቀያየራሉ፤ የዚህ ራስ ከዚያ እግር ይቀጠላል። የተቀጠሉበት ቦታ ሹል እጥፋት ሆኖ ይቀራል፤ እጥፋቱም በክሩ ላይ ይሮጣል። ሌላ ግጭት፣ ሌላ እጥፋት… ሌላ ግጭት፣ ሌላ እጥፋት… ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው ክሩ፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን የተሸበሸበ።

አንዳንዴ ደግሞ ክሩ ራሱን ይሻገራል። ራሱን ሲሻገር አንዲት ቀለበት ትቆረጣለች።

ተቆርጣ ትሄዳለች ቀለበቷ… ወደ ጨለማው፣ ለብቻዋ፣ እየተንቀጠቀጠች። በተንቀጠቀጠች ቁጥር ከጉልበቷ ትሰጣለች፤ የሰጠችው የስበት ሞገድ ሆኖ በኅዋ ውስጥ ይሄዳል። በሰጠች ቁጥር ታንሳለች። ታንሳለች… ታንሳለች… አንድ ቀን አትኖርም።

እኛ የምንከራከረው በዚህች ትንሽ ቀለበት ነው። ምን ያህል ትንሽ ሆና ትቆረጣለች? እጥፋቶቹስ የት ይደርሳሉ? ዓለም ላይ ያሉ የክር ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አልታረቁም።

ሥራችን ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። የፈጠርናት ሰማይ እንደ ወንፊት ናት፤ ከወንፊቱ ዐይን ያነሰውን መያዝ አትችልም። ከዚያ ያነሰ እጥፋት ስናይ እውነተኛ ይሁን ወይም የኮምፒውተሩ ስሕተት አናውቅም። ስለዚህ እንጥለዋለን። መስመሩን እናለሰልሰዋለን። ከብዙ ልኬት አማካይ እንወስዳለን፤ አማካዩን እናምነዋለን።

"ትንሹ አይቆጠርም፣ ምንታምር" ይሉኛል አማካሪዬ፣ ዶክተር በረከተአብ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም። "ትንሹን ስትከተዪ ትልቁ ያመልጥሻል።"

ትንሹ አይቆጠርም። ይህን ነገር ስሰማው ከርሜ፣ ቆይቶ ጠባዬ ሆነ። ባሌ፣ ይበልጣል የሚባለው፣ ይስቅብኛል። አንድ ቀን ወጡ ጨው በዝቶበት፣ በማግስቱ ጨው አንሶት፣ "በአማካይ ጥሩ ነው" ብዬው ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ አልተወኝም። መንገድ ቀያሽ ነው፤ አሁን አፋር በረሃ ውስጥ ነው ያለው። ሲደውል ሰላምታው አንድ ነው። "በአማካይ እንዴት ነሽ?"

በአማካይ ደህና ነኝ፤ እላለሁ።

ሆዴ ውስጥ ደግሞ እሷ አለች። ድርስ ነኝ።

እሷም በክር ተይዛለች… በጨለማው ውስጥ፣ ማንም ሳያያት። በዚያ ክር ትበላለች፣ በዚያ ክር ትጠጣለች፣ በዚያ ክር ትተነፍሳለች። ስትነቃ ትራገጣለች። ስትራገጥ ሆዴ በአንድ ጎን ጉብ ይላል፤ ጉብ ሲል እጄን እሰዳለሁ። ተረከዝ ይሁን ክርን አላውቅም። አለሁ ትለኛለች። አለሽ እላታለሁ።

ልማድ አላት የኔ ልጅ። ጠዋት ቁርሴን ስበላ ትነቃለች። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትረግጣለች፤ ያንን ጠረጴዛ ጠምዳ ይዛዋለች። ከሰዓት ታርፋለች። አመሻሽ ላይ ትዞራለች፤ ስትዞር ትንፋሽ ታሳጥረኛለች።

"ልማዷን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለችኝ አዋላጇ ሲስተር ሐያት፣ ለክትትል የሄድኩ ጊዜ። "ከልማዷ ከቀነሰች ነገ እመጣለሁ እንዳትዪ። የዚያኑ ቀን ነይ።"

"እሺ" አልኳት። ፈገግም አልኩ። ስለ መለካት ለኔ ማን ሊነግረኝ ብዬ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቁርሴን በላሁ። አልነቃችም።

ቆይታ ትንሽ ተንፏቀቀች። ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንደሚገላበጠው… ከዚያ ጸጥ አለች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ፤ ጠረጴዛው በሰላም ዋለ። አመሻሽ ላይ ጠበቅኳት፤ ዳበስ የሚያደርግ ነገር ተሰማኝ፤ እሷ ትሁን አንጀቴ ይሁን መለየት አቃተኝ።

ፈራሁ… ለማንም አልተናገርኩም።

ምን ብዬ ልናገር? ልጄ ዛሬ ሰነፈች ልበል? ሰው ሲፈራ የለመደውን ነገር ነው የሚይዘው። ሌላ ሴት ብትሆን ስዕለት ትሳላለች፣ ወይም ታለቅሳለች፣ ወይም ጎረቤት ትጠራለች። እኔ አማካይ ያዝኩ። የሰኞውን ከማክሰኞው ደመርኩ፤ ለሁለት ከፈልኩ። ሰኞ ብዙ ተራግጣ ነበር፤ ማክሰኞ ብትቀንስ ሰኞ ያካክሳል። አንድ ቀን ምንድን ነው? አንድ ቀን ትንሽ ነው። ትንሹ አይቆጠርም።

በአማካይ… ደህና ናት።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ለመውለጃዬ መምጣት አልሆነላትም፤ ታላቅ እህቷን እትዬ የሻረግን ከደብረ ማርቆስ ላከችልኝ። እትዬ ከመጡ ወዲህ ቤቱ በገብስ ዱቄትና በቅቤ ተሞልቷል። ሥራ መሄዴን አልወደዱትም። "ያ ክርሽ ለአንድ ወር ብትተዪው ይበሰብሳል?" ይሉኛል። የዚያን ቀን ማታ ግን አልቀለዱም። እራት እያቀረቡ ቀና ብለው አዩኝ።

"ትላወሳለች?" አሉኝ።

"ደህና ናት፣ እትዬ።"

"ፊትሽ ግን ልክ አልመሰለኝም።"

"ደክሞኝ ነው" አልኳቸው፣ ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሣ።

ይበልጣል ደወለ። ከመስመሩ ውስጥ የበረሃ ነፋስ ይሰማል። "በአማካይ እንዴት ናችሁ?" አለኝ። "በአማካይ ደህና ነን" አልኩት። ሳቀ። እኔ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

ረቡዕ ጠዋት ቁርሴ አልወርድ አለኝ። እሷም አልነቃችም።

ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ። በግራ ጎኔ ጋደም አልኩ። ስም ገና አላወጣንላትምና "አንቺ" ብዬ ጠራኋት። አንቺ… አንቺ ልጅ… ተይ እንጂ… ሆዴን በመዳፌ ገፋ አደረግኩት። በገፋሁት መጠን ሄደ፤ ስለቀው ተመለሰ። ሌላ ምንም የለም።

ፈራሁ… ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ተነሥቼ ለበስኩ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ አራት ኪሎ ወረድኩ። ደረጃውን ስወጣ በየወለሉ ቆሜ እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። የሚያዩኝ ሰዎች የደከመኝ መስሏቸው "አይዞሽ" እያሉኝ አለፉ።

ወንበሬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነው የተነሣችው።

ተነሣች… አነሣሷ ግን ሌላ ነው። በእግር ብቻ፣ በእጅ ብቻ አልነበረም፤ በሁለመናዋ ተናጠች። ወዲህ ተወራጨች። ወዲያ ተወራጨች። ሆዴ ከልብሴ ሥር ሲናወጥ በዓይኔ አየሁት። ጠረጴዛው ተነቃነቀ፤ እስክሪብቶዬ ተንከባልሎ ወደቀ። እንዲህ ሆና ቆየች፣ እኔንም ትንፋሽ ነሥታ። ከዚያ ቀስ አለች… ቀስ አለች… ጸጥ አለች።

ሳቅሁ እኔ። ዕንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ሁለት ቀን ያስጨነቅሽኝን በአንዴ ከፈልሽኝ አልኳት፤ አንቺ ተንኮለኛ አልኳት። ደመርኩ፤ አካፈልኩ። የትናንቱ ጉድለት በዛሬው ሞላ። እንዲያውም ተረፈ።

በአማካይ ደህና ናት። ከአማካይም በላይ ደህና ናት።

ስልኬን አውጥቼ ለእትዬ ደወልኩ፤ "ደህና አድርጋ ተራገጠች" አልኳቸው። "ተመስገን" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው የልቡ ነገር ሲሰምርለት እንደሚርበው ራበኝ፤ ዳቦ ገዝቼ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ጣራችን ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ዶክተር በረከተአብ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሥዕል ፈልገው ነበር፤ የአንዲት ቀለበት ዕድሜ፣ ከተቆረጠችበት እስከ ጠፋችበት። ልሠራላቸው ተቀመጥኩ። ማለስለሻውን ግን አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁት እንጃ፤ አንዴ እንኳ ሳይለሰልስ ልየው አልኩ መሰለኝ።

አንዷን መረጥኩ። እንደ ሌሎቹ የተሸበሸበች፣ የተለየ ነገር የሌላት። ለቀቅኳት።

ትልቅ ነበረች መጀመሪያ፤ ዝግ ብላ ትወዛወዛለች። ትሰፋለች… ትጠባለች… ትሰፋለች… እጥፋቶቿ ይሮጡባታል። አንዳንዴ አንድ ጎኗ እንደ ቡሄ ጅራፍ ጫፍ ይወነጨፋል፤ ያን ጊዜ ብዙ ጉልበት ይሄድባታል። እየሰጠች አነሰች። እያነሰች ፈጠነች። ቀለበት ስታንስ መወዛወዣዋ ያጥራልና ትንሽ ስትሆን ፈጣን ትሆናለች፤ በጣም ትንሽ ስትሆን በጣም ፈጣን። ይህን አውቃለሁ፤ ለሌሎች ተማሪዎችም አስተምሬዋለሁ። እንዲህ ቁጭ ብዬ ግን አይቼው አላውቅም።

መጨረሻዋ ላይ ተናጠች። በሁለመናዋ። ወዲህ… ወዲያ… ዓይኔ ሊከተላት እስኪያቅተው። ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ሰዓት በሕይወት ያለች መስላ አታውቅም።

ከዚያ የለችም።

ጨለማው ነበር ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ላይ። ከታች በኩል አማካዩ ተጽፏል። የዕድሜዋ ሁሉ እንቅስቃሴ ተደምሮ፣ ተካፍሎ። ደህና ነበር አማካዩ። ምንም እንከን አይወጣለትም።

ክው አልኩ።

ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ እኔ አልሰማውም። እጄ ሆዴ ላይ ነው። ከዚያ መናወጥ ወዲህ… ከዚያ ወዲህ አንዴ እንኳ… ዳቦ ስበላ አልነቃችም። ጠረጴዛውን አልነካችውም። ፀሐይ አዘነበለች፣ ዝናብ መጣ፣ እሷ ጸጥ እንዳለች ነው። እኔ ግን ሥራ ስሠራ ዋልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

አለሽ? አልኳት። አለሽ? አንቺ… አለሽ?

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ልነሣ ብዬ ጠረጴዛውን ተደግፌ ቀረሁ።

ዶክተር በረከተአብ በዚያ ሰዓት ነው የገቡት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከኋላዬ ሆነው ሥዕሉን አዩት።

"ጥሩ ነው" አሉ። "መጨረሻዋን ብቻ ቁረጫት። ያ መንቀጥቀጥ ከወንፊታችን በታች ነው፤ አይታመንም። ትንሹ…"

"ዶክተር" አልኳቸው። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "ልጄ ጸጥ ብላለች።"

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ትምህርት ሁሉ ሄዷል።

ደረጃውን ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። ኮታቸውን ራሴ ላይ ደረቡልኝ፤ እሳቸው በዝናብ በሰበሱ። መኪናቸው አሮጌ ናት፤ ወትሮ በእርጋታ ነው የሚነዷት፣ እግረኛ ሁሉ እስኪያልፍ ቆመው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ጎርፉ ጎማ ውጧል። ዶክተር በረከተአብ ጥሩምባው ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ጫኑና አላነሡም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉኝ፣ መንገዱን እያዩ።

"ትናንት ቀንሳ ነበር። ዛሬ ደግሞ በጣም ተራገጠች… ስለዚህ በአማካይ…"

አልጨረስኩትም። እሳቸውም ዞር ብለው አዩኝ፤ ሁለታችንም ይህን ነገር ከየት እንዳመጣሁት እናውቃለን።

"አማካዩን ተዪው፣ ልጄ" አሉኝ። "አሁን፣ በዚች ሰዓት፣ ትላወሳለች?"

"አትላወስም።"

ይናገራል ጥሩምባው ብቻ፣ ይናገራል ዝናቡ። እኔ ሆዴን አቅፌ በልቤ እለምናታለሁ። ትንሽ… ትንሽ ብቻ… ከወንፊት ዐይን ያነሰች ትንሽ ነገር ስጪኝ፣ እቆጥርልሻለሁ።

ሲስተር ሐያት ስታየኝ ጥያቄ አላበዛችም። አልጋ ላይ አወጣችኝ፤ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀባች፤ የልብ ማዳመጫውን አስቀመጠች። አንድ ቦታ ላይ አዳመጠች። የለም። ሌላ ቦታ ላይ አዳመጠች። የኔን ልብ አገኘች፤ ልቤ እንደ እብድ ይመታል። ያንቺ ነው አለችኝ። እንደገና አዛወረች። ዝቅ አደረገች። ወደ ጎን አደረገች። ቅንድቧ ተቋጠረ።

ጸጥታ… እኔ ጸጥታ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በጸጥታ ውስጥ ነበር ሥራዬ። ያንን ጸጥታ አላውቀውም።

ከዚያ መጣ። ዝግ ያለ፣ የራቀ፣ እንደ ደከመው ሰው እርምጃ። ዱብ… ዱብ… ይመጣል፤ ይዘገያል። ይመጣል፤ ይዘገያል። ሲዘገይ የኔም ይቆማል።

"አለች?" አልኳት።

"አለች" አለች ሲስተር ሐያት። "ግን ልቧ እየደከመ ነው፤ አሁኑኑ ነው የምናወጣት።" ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። እጇ ግን ደወሉን ሲጫን ቸኩሏል።

ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ዙሪ አሉኝ፤ ዞርኩ። ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝ፤ ከወገቤ በታች ያለው የኔ መሆኑ ቀረ። ዓይኔ ፊት አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱ። ከጨርቁ ማዶ እጆች አሉ፣ ብረት አለ፣ ዝቅ ያለ ንግግር አለ። ከጨርቁ ወዲህ እኔ አለሁ፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ በግድ ልይዘው እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል።

ፈራሁ እኔ… ማርያም ማርያም አልኩ እኔ… ስሟን ከጠራሁ ስንት ዘመኔ።

"ተጠምጥሟል" አለ ሐኪሙ ከጨርቁ ማዶ። "እትብቱ አንገቷ ላይ ነው። ቆይ… ደግሞ ቋጠሮ አለው። ጠብቋል።"

ቋጠሮ… ሰማሁት። የኔ ክሮች አይቋጠሩም። ሲሻገሩ ተቆርጠው ይቀያየራሉ፤ ቋጠሮ ቢሞክራቸው በጥሰውት ያልፋሉ። ለዚህ ነው መሰለኝ ቋጠሮን ያልፈራሁት። የልጄ ክር ግን አይበጠስም። ቢበጠስም ትሞታለች፣ ባይበጠስም ትሞታለች። እሷ ያን ዕለት ጠዋት በሁለመናዋ ስትናጥ ቋጠሮው ነበር እየጠበቀባት። እኔ ግን ተንኮለኛ ብያት ሳቅሁ፣ ዳቦም በላሁ።

አንዳች ነገር ከውስጤ ተጎትቶ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ሕመም የሌለው፣ ባዶ የሚያደርግ። ከጨርቁ በላይ ለቅጽበት አየኋት። ሰማያዊ ናት። እጇ ተንጠልጥሏል።

አላለቀሰችም።

ወደ ጥግ ወሰዷት። ጀርባቸውን ነው የማየው። የሲስተር ሐያት ክርን ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጀርባዋን ታሻለች፣ አፏን ትጠርጋለች፣ አየር ትሰጣለች። አላለቀሰችም። አንዱ አንድ ነገር አለ፤ ሌላው መለሰ። አላለቀሰችም። የሚንጠባጠብ ነገር ይሰማል። አላለቀሰችም። ልደምረው ምንም የለኝም፤ ላካፍለው ምንም የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠብቀው፤ እሱም አይመጣም። አላለቀሰችም… አላለቀሰችም…

ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ።

ትንሽ ነው። በር ሲጢጥ ሲል ያህል እንኳ አይሆንም። ማንም ሰው ቢሆን ይህ ምንም አይደለም ብሎ ይተወዋል።

ቆጠርኩት።

ቀጥሎ ሌላ መጣ። ቀጥሎ የተቆረጠ፣ የተቆጣ፣ እርጥብ ጩኸት መጣ፤ ክፍሉን ሞላው። ሲስተር ሐያት ዞር ብላ አየችኝ፤ ግንባሯ በላብ ርሷል። "ሰማሽ?" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የሻረግ ገንፎአቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። በር ላይ እንደደረሱ እልል አሉ፤ ነርሷ "እማማ፣ እዚህ አይቻልም" ብትላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨረሱት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ፣ ግንባሬን እየሳሙ።

"አሜን፣ እትዬ።"

ዶክተር በረከተአብም መጥተው ነበር። አልጋው አጠገብ ቆመው ሕፃኗን አጎንብሰው አዩዋት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስለ ጽሑፌ አልጠየቁኝም፤ ስለ ሥዕሉም አላነሡም። ሲወጡ በሩን በጣም በቀስታ ነው የዘጉት።

ሁሉም እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። ደስ ብሎኛል። ግን ፍርሃቴ አልሄደም፤ ልጄ ከውስጤ ስትወጣ እሱ ቀርቷል። ስትተኛ እፈራለሁ። ስትጠባ ቆም ስትል እፈራለሁ። ደረቷ ከፍ፣ ዝቅ… ከፍ፣ ዝቅ… ከፍ ብሎ ትንሽ ሲቆይ ዓለም ይቆምብኛል። "በርትታለች፣ ደህና ናት" አለችኝ ሲስተር ሐያት ስትመጣ። አምናታለሁ። ስትሄድ እንደገና እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ልጄ አለቀሰች። እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ፊቷን አቅልታ፣ እግሯን ከመጠቅለያው አውጥታ። በክፍሉ ያሉት አራሶች ሁሉ ዞረው አዩን። እትዬ የሻረግ ብድግ አሉ፤ ከጎኔ አንሥተው አቀፏት፤ ትከሻቸው ላይ አደረጓት። እሹሩሩ አሉ። ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ መጡ።

ቀስ አለች… ቀስ አለች…

"እትዬ" አልኩ።

"እንቅልፏ ነው፣ ልጄ። ላስተኛልሽ።"

"እትዬ፣ ይተዉዋት። ታልቅስ።"

ቆም ብለው አዩኝ። "ልጅ ዝም ሲል ነው ደስ የሚለው" አሉኝ፣ ግራ ተጋብተው። እጄን ብቻ ዘረጋሁ። ፊቴን አይተው ይሆናል፤ አምጥተው ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ከሙቀታቸው ስትለይ ተቆጣች፤ አፏን ከፈተች፣ ጮኸች።

ስልኬ ጠራ። ይበልጣል ነው፤ ከአዋሽ ወዲህ፣ መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ድምፁ ሻክሯል። ስለ አማካይ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ የሰማው እሷን ነው።

"ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?" አለኝ፣ ደንግጦ።

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋሁለት።

"ደህና ሆና ነው" አልኩት።